የብድሩ አሥራት

በእኛ ጊዜ ስላችሁ የጃንሆይን ዘመን እንዳታስቡ፤ ገና የትናንት ነገር ነው። ዕዳ የያዘው ሰው ግን ቶሎ ያረጃል፣ ለዚያ ነው የጥንት ሰው መስዬ የማወራችሁ። ቁጭ በሉ ኢጆሌ ኮ፣ ልጆቼ። ገመቺስ፣ ያንን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተወው፣ አይሸሽም። ለሰርጋችሁ ልትበደሩ ነው፣ ባለቤትዎ ዋስ ሆነው ይፈርሙልን ነው ያላችሁኝ አይደል? ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው። ባሌ ኦቦ ቶሌራ ከሥራ ሲመለስ እሱ ያውቃል፣ እጁም እስክሪብቶውም የራሱ ነው። እስኪመጣ ግን እኔ ላጫውታችሁ። ሲፈን፣ አንቺም ስልክሽን አስቀምጪና ስሚኝ።

ታዲያ ኦቦ ቶሌራ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ጡረታ ወጣና ቤት መዋል አቃተው። "ድንቄ፣ ነጋዴ ልሆን ነው" አለኝ። ምን ልትነግድ? "ባኮ በአዝመራ ጊዜ በቆሎ ርካሽ ነው፣ ገዝቼ አምቦ አከማቻለሁ፣ ክረምት ሲገባ እሸጣለሁ።" እኔ ያኔ ጤና ጣቢያ ጽዳት ነበርኩ፣ ስለ ንግድ ምን አውቃለሁ፣ እሺ አልኩ። እና ከቁጠባና ብድር ማኅበር ሰማንያ ሺህ ብር ተበደረ። ዋሱ ማን ሆነ? ጋሽ ወርቁ፣ ይሄ አጥር የሚያዋስነን የሂሳብ አስተማሪ። እሳቸው ኦርቶዶክስ፣ እኛ ጴንጤ፣ እሳቸው ሲጾሙ እኛ ስንበላ ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ኖረናል፣ አንድ ቀን ክፉ ቃል የለም። ወረቀቱን አላነበቡትም እኮ! "ቶሌራ፣ የቱ ጋ ነው የምፈርመው?" አሉ፣ ፈረሙ፣ በቃ።

በሳምንቱ እሑድ ኦቦ ቶሌራ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ የአሥራት ፖስታ ይዞ ወጣ። ፖስታው ወፍሯል። ከየት አመጣኸው አልኩት። "ዝም በይ ሴትዮ፣ ጌታን እያከበርኩ ነው" አለኝ። ዝም አልኩ። የጡረታ ውዝፍ ደርሶት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ፣ እስከ ዛሬ ያ ዝምታዬ ይቆጨኛል። በወሩ መጨረሻ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የአሥራት ዝርዝር ሲለጠፍ፣ ያኔ እንዲህ ስምና ብር ይለጠፍ ነበር፣ ከሁሉም በላይ "ኦቦ ቶሌራ፣ ስምንት ሺህ" ይላል። ሰዉ እጁን ይጨብጠዋል፣ "ጌታ ይባርክህ!" ይለዋል፣ እሱ ደግሞ አንገቱን ሰበር እያደረገ "ለእግዚአብሔር ክብር፣ ለእግዚአብሔር ክብር" ይላል። አያችሁት አይደል? እንደዚህ ነው የሚለው።

ታዲያ በቆሎው መጣ። ሰው ሳይቀድመኝ ብሎ ሳይደርቅ ነው የገዛው፣ አምጥቶ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ዘጋበት። ክረምት ገብቶ በሩን ስንከፍት ሽታው ገፍቶ መለሰን፣ ሻግቷል። ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ግማሹ ተጣለ፣ ግማሹ ለከብት መኖ በወረደ ዋጋ ሄደ። ለማኅበሩ ሦስት ወር ከፈልን፣ ሦስት ወር ደግሞ አቃተን። እና አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ወርቁ መጡ፣ በሩ ላይ ቆሙ። ሁልጊዜ ሳያንኳኩ የሚገቡት ሰውዬ ያን ቀን በሩ ላይ ቆሙ። ግቡ እንጂ አልኳቸው። "አይ፣ አልቆይም" አሉና ደብዳቤ ሰጡኝ። በወሩ መጨረሻ ውዝፉ ካልተከፈለ ከጋሽ ወርቁ ደመወዝ ይቆረጥ የሚል ነው፣ ለትምህርት ቤቱ ደርሷል።

"ድንቄ" አሉኝ፣ "ለብሩ አይደለም፣ ብር ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ጽጌን ምን ልበላት? ሳላማክራት ነው የፈረምኩት።" ይህን ብለው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

ኦቦ ቶሌራን አስቀመጥኩት። ና ቁጭ በል፣ ሰማንያ ሺህ ነበር፣ ሁሉም በበቆሎ አለቀ? አንገቱን ደፋ። "በቆሎ የገዛሁት በሰባ ሁለት ነው።" ስምንቱስ? ስምንቱስ ሰውዬ! "አሥራቱን አውጥቼ ነው" አለኝ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ከብድር? የሰው ብር ላይ አሥራት ይወጣል እንዴ! "ይባረክ ብዬ ነው" አለ መጀመሪያ። ዓይኑን አየሁት። "ድንቄ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስሜ ዝርዝሩ ግርጌ ነው የሚገኘው። ወረዳ እያለሁ ከላይ ነበርኩ። አፍሬ ነው" አለኝና አለቀሰ። እኔም ተናድጄ ጀምሬ አብሬው አለቀስኩ፣ ምን ይደረጋል፣ ባል ነው።

እና በማግስቱ በቀትር እጅጌውን ይዤ ፓስተራችን ቢሮ ወሰድኩት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ነው የሄድኩት! ያንን ስምንት ሺህ መልሱልን አልኩ። ገንዘብ ያዡ ከወንበሩ ተነሣ፣ "አደ ድንቄ! ለጌታ የተሰጠ ይመለሳል እንዴ?" አለ። ለጌታ አልተሰጠም፣ የጋሽ ወርቁን ደመወዝ ነው የተቀበላችሁት አልኩት፣ ያ ሰው እናንተ ቤት መጥቶ አያውቅም፣ አስቡት፣ የአስተማሪ ደመወዝ! ኦቦ ቶሌራ ደግሞ፣ "የለም የለም፣ ያስቀመጥኩትን አላነሣም" ይላል ከጎኔ። ዝም በል አልኩት፣ ኩራትህ ገና አልተከፈለም።

ፓስተራችን ገና ወጣት ነው፣ ወንበሩን ወደ ኦቦ ቶሌራ አዞረ። ከዚያ፣ "አሥራት ካገኙት ላይ ነው፣ ኦቦ ቶሌራ። እርስዎ ገና ምንም አላገኙም ነበር። ሳናውቅ የሰው ብር ይዘናል" አለ። ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ፣ ተስማሙ፣ መለሱልን። ኦቦ ቶሌራ ብሩን ተቀብሎ፣ "እሺ፣ በብድር መልክ ይሁን" አላቸው። አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ልትበደር ነው! አልኩት፣ ፓስተሩ ሳይወድ ሳቀ። ውዝፉ አሥራ ሁለት ሺህ ነው፣ የቀረውን አራት ሺህ ቴሌቪዥናችንን ሸጠን ሞላን፣ ወሩ ሳያልቅ ከፈልን። ከጋሽ ወርቁ ደመወዝ አንዲት ብር አልተነካችም።

ግን አሥራ ስምንት ወር ይቀራል! ቁጭ ብለን ተማከርን። የፊቱን ሁለት ክፍል አከራየን፣ እኛ ማድ ቤት ገባን። እኔ በእረፍት ቀኔ ጌዶ ሄጄ ቅቤ አምጥቼ ለመሥሪያ ቤት ሴቶች ሸጥኩ። ኦቦ ቶሌራ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ለባለጉዳይ ማመልከቻ መጻፍ ጀመረ፣ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ወረዳ ሲያዛቸው የነበሩት ልጆች ሲያልፉ ፊቱን በወረቀት ይሸፍን ነበር መጀመሪያ። በኋላ ግን "አካም ጅርቱ፣ እንዴት ናችሁ፣ ማመልከቻ ነው?" እያለ ይጠራቸው ጀመር።

አሥራቱስ? ይቁም ብዬ ነበር እኔ፣ አልዋሻችሁም። እሱ ነው እንቢ ያለው። "አሁን እኮ ነው የእውነት የሚወጣው፣ ከላባችን" አለ። የመጀመሪያው ወር ስድስት መቶ አሥር ብር ሆነች። "ስም አትጻፊበት" አለኝ። ፖስታውን ነጥቄ ኦቦ ቶሌራ ብዬ በትልቁ ጻፍኩበት። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ግርጌው ላይ ነን። ፊት ለፊቱ ቆመ፣ አልሸሸም። እና አንድ የተከበረ ነጋዴ ከኋላው መጥቶ በጆሮው፣ "ኦቦ ቶሌራ፣ እኔም እኮ ብዙ ጊዜ ከብድር ነው የሰጠሁት" አለው። አያችሁ? ስንቱ ነው እንደዚህ!

እንደዚህ እያልን፣ አንድ ወር ሳናጓድል፣ ጨረስን። ሥጋ የበላነው በበዓል ብቻ ነው፣ ጨረስን ግን። የመጨረሻውን ደረሰኝ ይዤ ቀጥታ እትዬ ጽጌ ቤት ገባሁና እጇ ላይ አስቀመጥኩት። አየችው፣ አየችኝ፣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ "አንቺ ክፉ፣ ናፍቀሽኝ ነበር!" አለችኝ። ጋሽ ወርቁስ? በሳምንቱ ሳያንኳኩ ገቡ፣ ወረቀት ይዘው! "ቶሌራ፣ ጣሪያ ላድስ ነው፣ ዋስ ሁነኝ።" ኦቦ ቶሌራ መነጽሩን አድርጎ አንድ ጊዜ አነበበ፣ ሁለተኛ አነበበ፣ ሦስተኛ ሲጀምር ጋሽ ወርቁ "ኧረ እኔ አንድም ጊዜ አላነበብኩልህም!" ብለው በሳቅ ሞቱ። ፈረመላቸው።

እና አሁን ልጠይቅህ፣ ገመቺስ። ከዚህ ብድር ላይ ለቤተ ክርስቲያን ስንት አስበሃል? ... ምነው ጣሪያ ጣሪያውን ታያለህ? ሲፈን፣ አንቺ ምን ያስቅሻል?

"አደ ድንቄ፣ አሥር ሺህ ብሎ ቃል ገብቷል" አለች ሲፈን፣ "ያውም መድረክ ላይ ወጥቶ።"

ወይ ጉድ! ወይ ጉድ! እንግዲህ ኦቦ ቶሌራ ሲመጣ ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ ያነበዋል፣ እኔ የማውቀው ይህን ነው።

ሲፈን ተነሥታ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች፣ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። "አያነቡትም፣ አደ ድንቄ" አለች። "ኦቦ ቶሌራ ሲመጡ ለፊርማ ሳይሆን ለሰርግ ልንጠራችሁ እንደመጣን ይንገሯቸው። ብድርም የለ፣ ድንኳንም የለ፣ ባንድም የለ። ወንበር ግን ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ።"