ጣሪያው የተነቀለ ቤት

ያለ አስተማሪ ማንበብ የተማርኩ ሰው ነኝና ጆሮዬም ንቁ ነው። ከከላላ ወደ መካነ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አሮጊት አጠገባቸው የምታለቅሰውን ሴት ያናግራሉ።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ሴት ልጄን ከላላ ትቻት መምጣቴ ነው፣ እማማ። ለትምህርቷ ብለን መካነ ሰላም ከገባን በኋላ የትምህርት ቤቱ ሰዎች ‹ስምንተኛን የጨረሰችበት ትማር› ብለው መለሷት።»

«አብሽሪ፤ የከላላው ቤታችሁ አለ አይደል?»

«የጣሪያውን ቆርቆሮ ነቅለን ለከተማው ቤት መታነው።»

«ተመለሱና ምቱታ!»

«ሦስቴ የተበሳ ቆርቆሮ ያፈሳል፣ እማማ።»

«ታዲያ ልጅቷን የት አስጠጋሻት?»

«ጎረቤት። እሷ ግን ‹እማዬ፣ ግድግዳው ቆሟል፣ እዚያው ቤታችን ልደር› ብላ አለቀሰችብኝ።»