የደብሪቱ ለቅሶ

ቡሬ ከተማ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው የእንጨት ሥራ ቤት፤ አናጢው ወንድይፍራው አንድ ቡፌ ቫርኒሽ እየቀባ ሳለ፣ የአጥር ጎረቤቱ ደብሪቱ የዱቄት ከረጢቷን በሩ ላይ ጥላ ገብታለች።

ደብሪቱ፦ ብሩሹን አስቀምጥ አልኩህ! ይሄ ቡፌ ከዚህ ቤት አይወጣም።

ወንድይፍራው፦ ኧረ በእግዜር ደብሬ! ከሰዓት ጋሪ ይመጣበታል። ለሙሽራ ነው።

ደብሪቱ፦ ለሙሽራ እንደሆነማ አውቃለሁ። እናቲቱ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ አጠገቤ ቆማ፣ «ለልጄ የደብሪቱ ለቅሶ በሚባለው እንጨት ቡፌ አሠራሁላት፤ እንዴት እንደሚያምር ብታዪው!» ትለኛለች። ደብሪቱ እኔ መሆኔን በምን ታውቃለች።

ወንድይፍራው፦ እና... ምን አልሻት?

ደብሪቱ፦ ምን እላለሁ? «እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት። ከዚያ ዱቄቴን ተሸክሜ ወዳንተ።

ወንድይፍራው፦ ውይ! ምነው ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

ደብሪቱ፦ ምድርን ተዋት። ስሜ እንጨት ላይ ምን ይሠራል?

ወንድይፍራው፦ የሙያው ወግ ነው እኮ። ግንድ ተሰንጥቆ የውስጡ መልክ ሲታይ፣ የዚያን ቀን ዓይን ያየው፣ ጆሮ የሰማው ስም ይወጣለታል። ያ ነጠብጣቡ «የቆቅ ደረት» ነው። ይሄ ደግሞ «የቄሱ ሳል»፤ ስንሰነጥቀው ቄሱ እዚህ ቁጭ ብለው ሲስሉ ዋሉ። ያኛው «የአማት ኩርፊያ» ነው።

ደብሪቱ፦ እሱንስ ማን ይገዛዋል?

ወንድይፍራው፦ በርጩማ አደረግነው። ሰው ይቀመጥበት ብለን።

ደብሪቱ፦ አታስቀኝ! ለሳቅ አልመጣሁም። የኔን ንገረኝ።

ወንድይፍራው፦ ይሄ ግንድ ሲከፈት ከአጥሩ ወዲያ ስታለቅሺ ይሰማኝ ነበር። መስመሩን ደግሞ እዪው፣ ይወርዳል፣ ይቋረጣል፣ እንደገና ይወርዳል። «የደብሪቱ ለቅሶ» አልኩ። ለራሴ ነበር ያልኩት። መጋዙን አብሮኝ የያዘው ሰውዬ ነው ገበያ ያወጣው።

ደብሪቱ፦ በሰውዬው አታሳብ! ለእናቲቱ ማን ነገራት?

ወንድይፍራው፦ እኔ። ምን ይባላል አለችኝ፣ ነገርኳት። ስትወደውም ደስ አለኝ። ውሸት ምን ያደርግልኛል።

ደብሪቱ፦ ደስ አለህ! ናሁሰናይን፣ ያን የመሰለ ልጄን መኪና ገጭቶ ገድሎብኝ ባለቀስኩት ደስ አለህ! ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላሉ። ዘመዶቼ ከመተከል ድረስ መጡ፤ አንተ አንዲት አጥር ዞረህ ድንኳኔ አልገባህም። ለተዝካሩም አልመጣህም።

ወንድይፍራው፦ እንግዲህ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

ደብሪቱ፦ የወደቅኩት እኔ፣ ምሳር የበዛብህ አንተ?

ወንድይፍራው፦ እሺ፣ አጥፍቻለሁ። ቡፌው አይወጣም። ለሙሽራዋ በሌላ እንጨት እሠራላታለሁ። ስሙንም ሁለተኛ አልጠራውም። በቃ?

ደብሪቱ፦ እንዲህ ቶሎ እሺ የምትል ሰው አልነበርክም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ለምን አልመጣህም?

ወንድይፍራው፦ እሱን ተይው።

ደብሪቱ፦ አልተወውም።

ወንድይፍራው፦ ያን ቀን ቀብሩ ለምን ዘገየ አሉሽ?

ደብሪቱ፦ የሣጥኑ ቀለም አልደረቀም ነዋ። ሰው ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀ።

ወንድይፍራው፦ ቀለሙ አይደለም። ሣጥኑ አጠረ።

ደብሪቱ፦ ምን?

ወንድይፍራው፦ የእድሩ ዳኛ መጥተው ሲነግሩኝ፣ ለልጄ መዳሪያ ያስቀመጥኩትን ዋንዛ ነው ያወጣሁት። ለናሁሰናይ ይነሰው እንዴ ብዬ። ሂድና ለካ አሉኝ። «እዚሁ ፍቅፋቂዬ ላይ ሲንከባለል ያደገ ልጅ፣ ምኑን ነው የምለካው?» አልኩና በራሴ ላይ ለካሁት። እስከዚህ፣ እስከ ደረቴ።

ደብሪቱ፦ ናሁሰናይን? አባቱን በልጦ ነበር እኮ!

ወንድይፍራው፦ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መርዘሙ ጠፋኝ። እኔ ዘንድ ገና ትንሽ ነው። ሣጥኑን ወስደው መለሱት። ሁለተኛውን እየሠራሁ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ በምን ዓይኔ ልይሽ?

ደብሪቱ፦ እነዚያ ያጠሩት ጣውላዎችስ?

ወንድይፍራው፦ የዚህ ቡፌ በሮች ናቸው። ማቃጠል አቃተኝ። ከዓይኔ ይራቁልኝ ብዬ...

ደብሪቱ፦ የሬሳ ሣጥን ለሙሽራ! አንተ ሰው፣ ፈጣሪን አትፈራም?

ወንድይፍራው፦ ስደቢኝ። ይገባኛል።

ደብሪቱ፦ ዞር በልልኝ፣ ልየው... እስከ ደረትህ ነው ያልከው?

ወንድይፍራው፦ እስከ ደረቴ።

ደብሪቱ፦ እኔም ለእረፍት በመጣ ቁጥር የሚጠበው ጫማ ነበር ገዝቼ የምጠብቀው። «እማዬ፣ እግሬ አድጓል እኮ!» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ወንድይፍራው፦ ደብሬ፣ አታልቅሺ። በሮቹን አሁን እነቅላቸዋለሁ። ሌላስ ምን ላድርግልሽ? ምንም በይኝ።

ደብሪቱ፦ እሁድ ና። በአጥር ሰምተህ አይደለም፣ በደጄ ገብተህ ለቅሶ ድረስ።

ወንድይፍራው፦ አባቱስ? ፊቴን ማየት ይፈልጋል?

ደብሪቱ፦ እስከ ደረትህ የለካኸውን ለሱም ንገረው። ልጄን የሚያስታውስልኝ ሰው ጠፋ እያለ ነው የሚውለው።