ስለ ታመመው የቪሲ ማጫወቻ

ወዳጆቼ፣ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ጥቅምት ላይ፣ በመምህራን ክፍል ውስጥ፣ እኔ አፌን በከፈትኩባት ቅጽበት ነው። የሽኝት ንግግር እንዲህ ተብሎ እንደማይጀመር አውቃለሁ። ወጉ ጡረተኛዋ መጀመሪያ የመጣችበትን ቀን አንሥቶ መሳቅ ነው። ግን ቪሲ ወደዚህ ትምህርት ቤት ስትመጣ እኔ አልተወለድኩም፤ እናትና አባቴም ገና አልተዋወቁም። ስለዚህ እኔ የመጣሁበትን ቀን አነሣለሁ። ለእኔ ቪሲም የመጣችው በዚያው ቀን ነው።

ራሴን በእንግሊዝኛ አስተዋወቅሁ። ስሜ ሮና ነው፣ የመጣሁት ከግላስጎው ነው፣ አንድ ዓመት አብሬያችሁ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ አልኩ። እርስ በርሳችሁ ተያያችሁ። ርእሰ መምህራችን አኒሴቶ ወደ ጎኑ ጎንበስ አለና፣ ያንሾካሾከ መስሎት፣ "እንግሊዝኛ የምትችል ላኩልን ብለን አልነበር እንዴ?" አለ። አኒሴቶ፣ ይቅርታ አድርግልኝና ያንተ ሹክሹክታ እስከ ወይራው እርሻ ድረስ ይሰማል።

ሁላችሁም ሳቃችሁ። ከጥግ አንዲት ሴትዮ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ የተጠበሰ ዳቦዋን ቲማቲም እየቀባች፣ ቀና እንኳ ሳትል "እኔ ገብቶኛል" አለች።

"እሺ፣ ምን አለች?"

"ርቦኛል ነው ያለችው።"

ዳቦውን ለሁለት ከፍላ ትልቁን ለእኔ ሰጠችኝ። እንዲያ አላልኩም ነበር። ግን እውነትም ርቦኝ ነበር።

"አመሰግናለሁ፣ እርስዎ..." ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ። "የምን እርስዎ? ማን ሞተ? እኔ እርስዎ የምባለው በቀብሬ ቀን ነው።" ስለዚህ ቪሲ፣ ዛሬ ይህን የሚያምር ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰሽ፣ አበባ ታቅፈሽ ብትቀመጪም አንቺ እልሻለሁ። ቀብርሽ ሩቅ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከብደውኝ ነበር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ዳቦ ልገዛ ብወጣ ሱቁ ዝግ ነው፣ መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው፣ መንገዱ ላይ ነፍስ ያለው ነገር አንድ ድመት ብቻ። ደንግጬ ለቪሲ ደወልኩ። "ቪሲ፣ የሆነ ነገር ተፈጥሯል? ከተማው ባዶ ነው!" በእንቅልፍ ድምፅ፣ "አዎ፣ ተፈጥሯል፤ አንዲት ስኮትላንዳዊት ከእንቅልፌ ቀስቅሳኛለች" ብላ ዘጋችብኝ። ለካስ እዚህ ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ ይተኛል፤ እንቅልፏን ስትጨርስ ግን ዳቦ ይዛ መጣች። ደጃፌ ላይ ቆማ "ልሂድ እንግዲህ" አለች። ቪሲ "ልሂድ" ስትል ወንበር ማምጣት እንዳለብኝ ያኔ አላወቅሁም። የቤቱን የኪራይ ውድነት፣ የአከራዬን የመጀመሪያ ጋብቻ፣ የእህቷን የሐሞት ጠጠር ቆመን ጨረስን። ጎረቤቶቼ በዚያች ምሽት ነው ስሜን የተማሩት፤ የሚያልፈውን ሁሉ አስቁማ "ይቺ የኔ ናት፣ እወቋት" ስትል።

የዘይቱን ነገር ቦርጃ እንዳነሣው ፈቅዶልኛል። ወይራ ሲለቀም ቪሲ ከራሷ ዛፎች የወጣውን አዲስ ዘይት በውኃ ጠርሙስ እየሞላች የመምህራን ጠረጴዛ ላይ ትደረድርልናለች። የስፖርት መምህራችን ቦርጃ ከልጆቹ ጋር ሮጦ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ገባና አንዱን ጠርሙስ ሳያይ አፉ ውስጥ ገለበጠው። ዓይኑ ሲፈጥ ሁላችንም ወደ እሱ ሮጥን። ቪሲ ግን ከተቀመጠችበት "እንዳትተፋው! የመጀመሪያው ጭማቂ ነው!" ብላ ጮኸች። ቦርጃ ጨዋ ልጅ ነው፤ ዋጠው።

ከዚያ ልደቴ መጣ። በእኛ አገር ልደትሽ ሲሆን የሥራ ባልደረቦችሽ ኬክ ይዘው ይመጣሉ። ጠዋት አዲስ ሹራብ ለብሼ መጣሁና ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። በዕረፍት ሰዓት እናንተ በር በሩን ስታዩ፣ ኬኩ እየመጣ ነው ብዬ ልቤ ዘለለ። ምንም የለም። እኔ በልቤ "ማንም አይወደኝም" እላለሁ፤ እናንተ ደግሞ፣ ኋላ እንደ ሰማሁት፣ "ስኮትላንዳውያን ቆጥቋጣ ናቸው የሚባለው እውነት ነው ለካ" ትላላችሁ። ለካስ እዚህ ጋባዧ ባለልደቷ ናት! ቪሲ ክንዴን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ጎተተችኝ።

"ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው? እነዚህ ሰዎች አንቺን ብለው ቁርስ አልበሉም እኮ።"

"እኔም እነሱን ብዬ አልበላሁም!"

ነገሩ ሲገባት ግድግዳ ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "ወይ ጉድ! ሁለት አገር ፊት ለፊት ተቀምጦ በረሃብ ሊያልቅ ነበር" አለች። ከዚያ ሁላችሁንም ወደ ማዶው ቡና ቤት ነዳቻችሁ፤ እኔ ጋባዥ ሆንኩ፣ እናንተ ዘፈናችሁልኝ፣ አኒሴቶም ዘፈነልኝ። ያን ቀን ይህች ከተማ ቤቴ እንደምትሆን አሰብኩ።

ይህ በሆነ በወሩ ገደማ ነው አኒሴቶ ቢሮው የጠራኝ። ዛሬ ይህን የማነሣው ደስታችሁን ላደፈርስ አይደለም። ቪሲ ምን እንዳደረገችልኝ ያለዚህ ልነግራችሁ ስለማልችል ነው።

"ሮና፣ አንዳንድ ወላጆች ቅር ብሏቸዋል" አለኝ። "ልጆቹ ቤት ሲገቡ እንዳንቺ እያወሩ ነው።"

"እያወሩ ነው? ታዲያ ደስ አይልም?"

"የለንደኑን ነው የሚፈልጉት። የፊልሙን። የአንቺ... እንዴት ልበልሽ... የገጠር ነው ይላሉ። ከእንግዲህ በቪሲ የእንግሊዝኛ ክፍል ከኋላ ተቀመጪና ወረቀት አድዪ፤ ንግግሩን ያ ሬዲዮና ካሴት ያለው ማጫወቻ ያስተምራል።"

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ቋንቋ ነው። በማዕረግ ነው የጨረስኩት። አፌን የፈታሁበትን ቋንቋ የሚያውቀው ሳጥን ነው ተባልኩ። አንድ ሳምንት ከኋላ ወንበር ተቀምጬ፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለ ሰውዬ ጃንጥላውን ባቡር ላይ ስለ መርሳቱ ደጋግሞ ሲናገር እያዳመጥኩ ወረቀት አደልኩ። ከልጆቹ አንዷ፣ አራሴሊ፣ ዞራ "ምን አጥፍተሽ ነው የተቀጣሽው?" ብላ ጠየቀችኝ። ወረቀቷን ሰጥቻት አለፍኩ።

ዓርብ ከሥራ ስንወጣ ቪሲ ቤት ሄድኩ፤ ልሰናበታት። ጠረጴዛዋ ዙሪያውን እስከ መሬት በወፍራም ጨርቅ የተሸፈነ ነው፤ ከሥሩ ማሞቂያ አለ፤ ጨርቁን ጭናችሁ ላይ ስትስቡት እግራችሁ ይሞቃል፣ ምላሳችሁም ይፈታል። ወደ አገሬ ልመለስ ነው አልኳት። አላባበለችኝም። መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦

"መጀመሪያ የተመደብኩት ሰሜን ነበር። እዚያ ያለው አለቃዬ 'አንቺ የደቡብ ሰው ቃሉን ግማሹን ትውጪዋለሽ፤ ለልጆች አትበጂም' አለኝ። ፈራሁ። መስታወት ፊት እየቆምኩ እንደነሱ ማውራት ተለማመድኩ። ጎበዝም ሆንኩ። ከዚያ ለገና ለእናቴ ደወልኩ፤ የጎረቤት ስልክ ነው፣ ጠርተዋት መጣች። 'ማን ልበል?' አለችኝ። 'እኔ ነኝ እማዬ' አልኳት። 'የኔ ልጅ እንዲህ አታወራም' ብላ ዘጋችው።"

"ከዚያስ?"

"መልሼ ደወልኩ። ልጇን ሆኜ።"

ከዚያ ጨርቁን ጭኔ ላይ እያስተካከለች፣ "እኛ አፋችንን ስንከፍት በቴሌቪዥን ይሳቅብናል። ፊልሙ ላይ ገረዷና ሰካራሙ እንደኛ ነው የሚያወሩት። ታዲያ አሁን ተራው ደረሰን ብለን ባንቺ ልንስቅ? በኔ ክፍል አይሆንም፤ ሰኞ ነይ" አለችኝ።

ሰኞ መጣሁ። ማጫወቻው ታሞ ነበር።

አኒሴቶ፣ አሁን ብርጭቆህን አስቀምጥ። ያ ማጫወቻ ጸደዩን ሙሉ የታመመው ለምን እንደሆነ ታስታውሳለህ? መጀመሪያ ሽቦው ነው አለችህ። ቀጥሎ እርጥበት። ቀጥሎ ጠጋኙ ልጁን እየዳረ ነው። ግንቦት ላይ ቤቷ ብሄድ ማጫወቻው ኩሽናው መስኮት ላይ ተቀምጦ፣ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ፣ የእግር ኳስ ጨዋታ እያስተላለፈ፣ እሷ ድንች ትጠብሳለች። ቪሲ ምን አለች? "ለኔ ድኗል፤ ለአኒሴቶ ገና አልተሻለውም።"

ይኸውና፣ ሳቁን ሰማሁት፤ አኒሴቶም ስቋል። ሰኞ ትመልስልሃለች።

ማጫወቻውን መደበቅ ቀላሉ ነው። ከባዱን ግን ያየነው እኔና ልጆቹ ብቻ ነን። በየቀኑ ጠመኔዋን እጄ ላይ ታስቀምጥና ሄዳ ከኋላ ወንበር፣ እኔ በተቀመጥኩበት፣ ከልጆቹ ጋር ትቀመጥ ነበር። እጇን አውጥታ በሕይወቷ ሙሉ ያስተማረችውን ነገር እንደማታውቅ ሆና ትጠይቀኛለች። "ይቅርታ መምህርት፣ አልገባኝም፤ ደግመሽ ንገሪን።" ቪሲ ስትሳሳት ልጆቹ ለመሳሳት ድፍረት አገኙ። ዓመቱን ሙሉ ከአፏ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ወጥቶ የማያውቀው አራሴሊ አንድ ቀን ተነሥታ "የእናንተ ባሕር ባሕር አይባልም፤ ሰው የማይዋኝበት ውኃ ነው" ብላ በእንግሊዝኛ ተከራከረችኝ። ተናደድኩ፣ መለስኩላት፣ መለሰችልኝ። ደወሉ ተደውሎ የተነሣ ልጅ አልነበረም። ዞሬ ቪሲን ሳያት አቀርቅራ መነጽሯን ትጠርጋለች። ያን ጊዜ ግንባሯ ላይ አልነበረም።

ቪሲ፣ ስለ ዳቦው አመሰግናለሁ። ለሚያልፈው ሁሉ "የኔ ናት" ስላልሽኝ አመሰግናለሁ። የራስሽን ወንበር ለቀሽ ከኋላ ስለ ተቀመጥሽ፣ ያን ያህል ዓመት ያስተማረ ሰው ተማሪ ለመሆን እንደማያፍር ስላሳየሽኝ አመሰግናለሁ። ለእናቴ በስልክ ስለ አንቺ ስነግራት "ይቺ ሴትዮ ትምጣ፣ አልጋ አዘጋጃለሁ" ብላለች። ባሕሩን አትፍሪው፤ አራሴሊ አጋናዋለች።

አሁን ሁላችሁም ተነሡ፣ ብርጭቆ አንሡ። ቪሲ፣ ዛፎችሽን አመዳይ አይንካቸው። ጠዋት ጠዋት ደወል ሳይሆን ፀሐይ ይቀስቅስሽ። "ልሂድ" ስትዪ ወንበር የሚያመጣልሽ አይጥፋ። ዕድሜና ጤና፣ ለቪሲ!

ገና አትቀመጡ። አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ ቪሲም እሷ ባለችበት እንድናገረው ትፈልጋለች። በዓመቱ መዝጊያ ቀን ልጆቹ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ወላጆች አጨበጨቡ፤ ርእሰ መምህራችን ደግሞ ዘመናዊ መሣሪያዎቻችንን አመሰገነ። ትናንት ጠርቶኝም "ለከርሞ ብትቆዪልን ደስ ይለናል፤ ቪሲ ስለማትኖር ግን ማጫወቻውን እናስጠግናለን፣ አንቺም እንደ ድሮው ከኋላ ትቀመጫለሽ" አለኝ። እስከ ዛሬ አስቤ እንድመልስ ጊዜ ሰጠኝ።

አኒሴቶ፣ ልቆይ እፈልጋለሁ። እነዚህን ልጆች እወዳቸዋለሁ፣ ይህችንም ከተማ። ግን የምቆየው ሰሌዳው ፊት ቆሜ፣ እናቴ በስልክ በምታውቀው ድምፄ እያስተማርኩ ከሆነ ብቻ ነው። ከኋላ ተቀምጦ ዝም ማለትን፣ የገዛ ሥራዬ ለሳጥን ሲመሰገን ማጨብጨብን፣ አፌን የፈታሁበትን አነጋገር እንደ ጥፋት መቁጠርን ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም።