ቤት እስኪመታ ማዳመጥ

የጨው ነጋዴውን አሕመዲንን የሰደቡት መሪጌታ ላቀው ነበሩ። ጊዜው ጥር ፲፱፻፷፯ ዓ.ም.፣ ቦታው የጋይንቷ ንፋስ መውጫ፣ የጎረቤቱ የወይዘሮ ወለተ ማርያም ልጅ የተዳረች ዕለት፣ ዳሱ ውስጥ ነው። አሕመዲን ሙሽራዋን በግጥም ሊመርቅ ተነሥቶ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳለ፣ መሪጌታ እጃቸውን ወዝውዘው፣ «አንተ ጨውህን ስፈር! ግጥምም እንደ ሸቀጥ በአህያ የሚጫን መሰለህ?» አሉት። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። አሕመዲን ማን ማን እንደ ሳቀ እስከ ዛሬ በስም ይጠራል። የሚመልሰውንም ቃል ያን ሁሉ ዓመት ሲስል ኖረ።

በ፲፱፻፸፪ ዓ.ም. ሰኔ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተማሪዎች በሚመረቁበት ቀን ረፋዱ ላይ፣ ድንገተኛ በረዶ መሪጌታንና መምህር ካሣሁንን ከአሕመዲን ሱቅ ውስጥ አስገባቸው። ሁለቱ በምረቃው ላይ የሚሰማውን የአገሩን ግጥም የሚመርጡ ነበሩ። አሕመዲንም በዚያው ዘመቻ ፊደል ቆጥሮ የጻፈውን ግጥም ለመምህሩ ሰጥቷል። ያ ሁሉ የሳቀበት ሰው ቆሞ እንዲሰማው እንጂ ሌላ ምኞት አልነበረውም።

«የኔታ፣ የአሕመዲንን ግጥም ምን እናድርገው?» አለ ካሣሁን፣ አሕመዲን እየሰማ።

«እሱስ ይቅር። ቅኔ በተዘረፈበት አደባባይ መንዙማ ሊከተል? አገሩ ምን ይለናል?»

«አገሩ ማነው? እነአሕመዲን ከጋይንት ሌላ አገር አላቸው?»

«በል በል፣ የካድሬ ነገር አታምጣብኝ!»

«የካድሬ ሳይሆን የራስዎ የቅኔ ቤት ነገር ነው። የቅኔ ተማሪ ሳሉ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪ ቅኔውን ሲነግር የማን ልጅ ነህ ብለው ያቋርጡት ነበር?»

መሪጌታ ደረታቸውን ነፉ። «እንዴት ተደርጎ! ቤት እስኪመታ እንሰማዋለን። ያቋረጠ ከጉባኤው ይወጣል!»

«የሠርጉ ዕለት እኔ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ነበርኩ፣ የኔታ» አለ አሕመዲን ከባንኮኒው ኋላ።

በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድባል። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «በል እንግዲያ... አሁን በል። እሰማለሁ።»

አሕመዲን ዓይኑን ከድኖ ጀመረ፦

«ያ ረቢ ደመናህ፣ ከጉና ሲነሣ፣
ሃይማኖት ሳይጠይቅ፣ ሲያረሰርስ ማሳ፣
አንተ ያልለየኸን፣ ማን ለይቶ ይንሳ?»

«ይበል!» አሉ መሪጌታ።

አመለጣቸው። ይህ ቃል በቅኔ ጉባኤ ለተሳካለት ብቻ የሚሰጥ ምስጋና ነው፤ አንዴ ከወጣ አይመለስም። ካሣሁን ሳቁን ዋጠ።

«ምን ትስቃለህ? ብያለሁ፣ ብያለሁ ነው!» ብለው ወደ አሕመዲን ዞሩ። «እኛ ጋይንቶች በቅኔያችን ስንኮራ ለካ የኮራነው በጎተራችን እኩሌታ ኖሯል። ሌላውን እኩሌታ ከእነአሕመዲን ደጅ ሳንሰማው ኖረናል» አሉ።

እውነታቸውን ነው። መቻቻል ማለት የጎረቤትን ቃል ቤት እስኪመታ ማዳመጥ ነው። ያዳመጠ ይግባባል፤ የተግባባ በገበያም በለቅሶም ይተማመናል፤ ልጆቹም ሁለት ቅርስ ይወርሳሉ።

«ግጥምህ ዛሬ ከቅኔው ቀጥሎ ይሰማል። የምጠራህም እኔው ነኝ» አሉ መሪጌታ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እንግዲህ የዚያን ዕለቱን መልስልኝ፣ አሕመዲን። ስደበኝና እንተካከል።»

የተሳለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ እዚያው ተወው። አሕመዲን ንጹሑን ኮቱን ከተሰቀለበት አውርዶ ለበሰ። እንግዶቹን አስወጥቶ ሱቁን ቆለፈ። በረዶው አባርቷል። ራሱን ቀና አድርጎ፣ ግጥሙን ሊያሰማ ወደ ትምህርት ቤቱ መንገድ ጀመረ።