ፒያኖው ውስጥ የገባው እርጥበት

ቁጭ በሉ እንጂ፤ ጣፋጩ ባስቡሳ የትም አይሄድም። ንግግር የመምህራን ሥራ ነበር፤ "መምህርታችን ሲት ነርጊስ ጡረታ ሲወጡ የሚሸኛቸው ፒያኖ ቃኚው ኡስታ ደሱቂ ይሁን" ያላችሁት እናንተው ናችሁ፤ እንግዲህ ቻሉት።

ሲት ነርጊስ ወደዚህ የሙዚቃ ተቋም የመጡ ቀን ሃያ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ለሰው ሰላም ሳይሉ በቀጥታ ወደ ፒያኖው ሄዱ። ቆመው አንድ ቁልፍ ነኩና ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ይሄን ማነው የቃኘው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

"አይዞህ፤ ጆሮ በሐኪም ይድናል።"

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ለሥራውም አዲስ ነበርኩ። ያን ዕለት ማልኩ፤ ይቺ ሴት ከእንግዲህ በእኔ ፒያኖ ላይ አንዲት የተዛነፈች ድምፅ አታገኝም። ይህን መሐላ ያዙልኝ፤ ጉዱን ሁሉ ያመጣው እሱ ነው።

መቼም ጠባያቸውን የማያውቅ የለም። ፈተና ላይ የዱባ ፍሬ ከቦርሳቸው እያወጡ ይፈለፍላሉ፤ ተማሪው ሲሳሳት መፈልፈሉን ያቆማሉ። በዚህ ቤት ከዚያ የከፋ ውጤት የለም። እኔ ደግሞ "ፒያኖ ላይ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጥ ክልክል ነው" ብዬ ጽፌ ፒያኖው ላይ ባስቀምጥ፣ ብርጭቆውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉት። "አሁን እንጨቱን አልነካም፤ ምን ቀረህ?" አሉኝ።

ጠዋት ጠዋትም "ኡስታ ደሱቂ፣ እርጥበቱ እንዴት አደረ?" ይሉኛል። ስለ ባሕሩ አየር የሚጠይቁኝ ይመስላችኋል። አይደለም፤ ዛሬ እነግራችኋለሁ።

ያኔ ሥራቸው የባሌት ዳንስ ክፍልን ማጀብ ነበር። ሕፃናቱ ሲዘሉና ሲወድቁ፣ እሳቸው ያንኑ ዋልዝ ሁለት ዓመት መቱት። በእረፍት ሰዓት ግን የራሳቸውን ድርሰት ይጽፋሉ። ዳይሬክተራችን ዶክተር ፊክሪ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ ሳል ቢሆንም የሚያጨበጭቡለት ሰው ነበሩ። ከስንት ልመና በኋላ በአንድ ኮንሰርት ላይ ሰባት ደቂቃ ሰጧቸው።

"ብቻ የሠፈር ሠርግ እንዳታስመስዪው" አሏቸው። "ካሳፈርሽኝ ዕድሜሽን ሙሉ ሕፃናት ስታስዘልዪ ትኖሪያለሽ።"

የሲት ነርጊስ አባት ዑድ መቺ ነበሩ። በፒያኖ ሁለት ቁልፎች መሃል አንድ ድምፅ አለ፤ የዑድ መቺ ጣት ያገኘዋል፣ ፒያኖ ግን የለውም። ልጅቱ ያንን ድምፅ ለአባቷ ከፒያኖ ማውጣት ፈለገች። ስለዚህ የኮንሰርቱ ቀን ጠዋት ለማንም ሳትነግር ሚ እና ሲ የሚባሉትን ቁልፎች ሁሉ ክር በክር ዝቅ አድርጋ ቃኘችና ልብስ ልትቀይር ቤቷ ሄደች።

እኔ ገባሁ። ነካ ነካ ባደርግ ሚ ወርዷል፣ ሲ ወርዷል። "የትኛው አህያ ነው?" አልኩ። መሐላዬ ትዝ አለኝ። ላቤ እስኪንጠፈጠፍ ሁሉንም ወደ ቦታቸው መለስኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሳምሬ ቃኝቼ አላውቅም።

ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ሲት ነርጊስ ጀመሩ፤ የመጀመሪያውን ሚ እንደነኩ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አምስት ሰከንድ፣ አሥር ሰከንድ። ከዚያ እንደምንም እስከ መጨረሻው ተጫወቱት።

ዶክተር ፊክሪ ቀድመው ብድግ አሉ። "የእኛ አገር ሰው ጻፈው ቢሉኝ አላምንም ነበር!" አሉ፤ ትልቁ ምርቃታቸው ይኸው ነበር። ጋዜጣው ያችን አሥር ሰከንድ "የደፋር ጥበበኛ ዝምታ" አላት። ቋሚ ሥራ ያገኙትም በእሷ ነው። እናንተ መምህራንም ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ተማሪውን "እዚህ ጋ እንደ ነርጊስ ቆም በል" ስትሉ ኖራችሁ። ወገኖቼ፣ ያ ዝምታ ጥበብ አልነበረም። "ፒያኖዬን ማነው የነካው?" ነበር።

አባታቸው ሲወጡ ሰማኋቸው። "ጥሩ ነው ልጄ" አሉ፤ "ለእኔ ግን አይደለም።"

ከዚያ ሲት ነርጊስ እኔ ዘንድ መጡ።

"ደሱቂ፣ ዛሬ ፒያኖውን የነካ ሰው አለ?"

ፊታቸውን ሳይ ሁሉም ገባኝ። ዶክተር ፊክሪ ከሰሙ መባረሬ ነው፤ ሚስቴ ደግሞ ወሯ ገብቷል።

"ማንም አልነካው። ምናልባት የባሕሩ እርጥበት ይሆናል።"

"ሚንና ሲን ብቻ መርጦ?"

"አዎ።"

"ጎበዝ እርጥበት ነው" ብለው ሄዱ።

ሲት ነርጊስ፣ እኔ ነበርኩ። እንደሚያውቁ አውቃለሁ፤ በአፌ ግን ብዬው አላውቅም። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ልጄ ሥራ ከሌለው አባት ትወለድ ነበር። አልተነፈሱም። ያንን ድርሰትም ዳግመኛ አልነኩት፤ አባትዎም እንደተጻፈው ሳይሰሙት አለፉ። ይህ ዕዳ ሆኖብኝ ኖሯል። ይቅር ይበሉኝ፤ ስለ ዝምታዎም ከልቤ አመሰግንዎታለሁ።

በሉ የሸርባት ብርጭቋችሁን አንሡ። ለሲት ነርጊስ! ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት፤ ጣትዎ አይዛል፣ ቤትዎ ሰው አይጣ።

ጠጣችሁ? እንግዲህ ዝም በሉ። "ከንጋት ጀምሮ አዳራሹን ቆልፈህ ምን ትሠራለህ?" ስትሉኝ ነበር። ሚንና ሲን ዝቅ እያደረግኩ ነበር፣ ክር በክር። የክዳኑ ቁልፍ ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም፣ እኔም ጭምር።

ይምጡ፣ ይጫወቱልን። የሻይ ብርጭቆዎንም ላዩ ላይ ያስቀምጡት፤ ዛሬ አልናገርም።