ከእጄ አምልጦኝ ነው

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ በግንቦት ቀትር፤ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡትና ድሮ እሑድ እሑድ የእግር ኳስ ዳኛ የነበሩት ጋሽ ስለሺ፣ ከዚምባብዌ «ለዕረፍት መጣሁ» ካላቸው የእህታቸው ልጅ፣ ከክሪኬት ተጫዋቹ ኖላዊ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይከራከራሉ።

ጋሽ ስለሺ፦ የክሪኬት ዱላህን የወረወርከው ካፒቴንህን እያየኸው ነው ወይስ ሳታየው?

ኖላዊ፦ መጀመሪያ እኔ የጠየቅሁህን መልስ። ይህን ፎቶ ለታፋድዝዋ የላከው ማነው?

ጋሽ ስለሺ፦ እኔ ቀድሜ ጠይቄያለሁ።

ኖላዊ፦ ጋሼ፣ ስልኬ ላይ ነው ያገኘሁት። ድንጋይ ተሸክሜ የተነሳሁት ፎቶ፣ ከሥሩ በማላውቀው ቋንቋ አንድ ሙሉ ገጽ ጽሑፍ። ትናንት ጠዋት የተላከ። እኔ አልጻፍኩትም። ድመቷም አልጻፈችውም።

ጋሽ ስለሺ፦ ልክ ነህ። ድመቷ ፈረንሳይኛ አታውቅም።

ኖላዊ፦ ሰውዬው እኮ የቡላዋዮ ልጅ ነው። የእኔ ካፒቴን ነው። ፈረንሳይኛ ከየት አምጥቶ?

ጋሽ ስለሺ፦ ምድር ባቡር ሠላሳ ዓመት ስሠራ ከውጭ ሰው ጋር የተግባባሁት በፈረንሳይኛ ነው። አንድም ሰው አልገባኝም ብሎኝ አያውቅም።

ኖላዊ፦ ምን ብለህ ነው የጻፍክለት?

ጋሽ ስለሺ፦ የሚባለውን ነዋ። «የተከበርክ ካፒቴን ተፈራ...»

ኖላዊ፦ ታፋድዝዋ።

ጋሽ ስለሺ፦ «...ካፒቴን ተፈራ፣ የእህቴ ልጅ ጣትህን ሰብሯል። በአገራችን ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት ይቆማል፤ ተበዳዩ ልቡ ሲራራ ድንጋዩን ያወርድለታል። ይኸው ተሸክሟል፣ አውርድለት።» በቃ። ለእናቱም ሰላምታ አቅርቤያለሁ።

ኖላዊ፦ ድንጋዩን ያሸከምከኝ ለአጥሩ ነው እኮ። «የዶሮዎቹ አጥር ፈርሷል፣ አንድ ድንጋይ አቀብለኝ» ነው ያልከኝ።

ጋሽ ስለሺ፦ አጥሩ ፈርሷል። አልዋሸሁም።

ኖላዊ፦ ከዚያ «ጫንቃህ ላይ አድርገው፣ ለእናትህ ፎቶ ልላክላት» አልከኝ። ፎቶው ላይ እኮ እየሳቅሁ ነው።

ጋሽ ስለሺ፦ እሱ ላይ ተሳስቻለሁ። አትሳቅ ልልህ ነበር፤ ትነቃብኛለህ ብዬ ተውኩት።

ኖላዊ፦ ሰውዬው ምን ይላል? ከቡድን ሲባረር የግንበኛ ረዳት ሆነ፣ ሥራውም ተስማምቶታል ነው የሚለው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እርስዎ ነዎት።

ጋሽ ስለሺ፦ እርስዎ? ድሬ ተወልዶ አጎቱን አንቱ የሚል ሰው የሚናደድ ሰው ብቻ ነው።

ኖላዊ፦ ተናድጃለሁ። ዛሬ በስድስት ሰዓት የቡድኑ ስም ዝርዝር ይወጣል። የዓመት ቅጣቴን ጨርሻለሁ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ከዚህ ቡድን ከቀረሁ ሌላ የለም። ተጫዋች ሲመረጥ የካፒቴኑ ቃል ይሰማል። ነገሩን እንዳያስታውስ ብዬ ትንፋሼን ውጬ ተቀምጬ ነበር፤ አንተ ፎቶ ላክህለት።

ጋሽ ስለሺ፦ እንዳያስታውስ? አውራ ጣቱ ተሰብሮ? በጠዋት ሸሚዙን ሲቆልፍ ያስታውስሃል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ኖላዊ፦ ከእጄ አምልጦኝ ነው። ለቀጣኝ ኮሚቴም የተናገርኩት ይህንኑ ነው።

ጋሽ ስለሺ፦ ኮሚቴውን አልጠየቅሁም።

ኖላዊ፦ አንተ ደግሞ ጨዋታውን አታውቀውም። እንዴት አድርጌ ላስረዳህ?

ጋሽ ስለሺ፦ እናትህ ብዙ ጊዜ አስረድታኛለች። አምስት ቀን ይፈጃል። የምሳ ሰዓት አለው፣ የሻይ ሰዓት አለው፣ ዝናብ ሲመጣ ሁሉም መጠለያ ገብቶ ያወራል። እሱ ጨዋታ አይደለም ልጄ፣ ለቅሶ ነው።

ኖላዊ፦ ይሄኛው የአንድ ቀን ነበር።

ጋሽ ስለሺ፦ ተዝካር በለው።

ኖላዊ፦ ቀልድ። ድሬ ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚህ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «ለየትኛው ክለብ ነው የምትጫወተው? በየትኛው እግርህ ነው የምትመታው?» ይለኛል። አሥራ ሁለት ዓመት ለዚምባብዌ ብሔራዊ ቡድን ተጫውቼ እዚህ እግሬን ነው የሚያዩት።

ጋሽ ስለሺ፦ እኔ አስረድቻቸዋለሁ። «ግብ ጠባቂም ነው፣ አጥቂም ነው፣ ሁለቱን በአንድ ቀን» ብዬ።

ኖላዊ፦ እመታለሁ፣ እወረውራለሁ። ሌላው አንዱን ነው የሚችለው፤ እኔ ሁለቱንም።

ጋሽ ስለሺ፦ አውቃለሁ አልኩህ። ጋዜጣው እዚያ ሣጥን ውስጥ አለ። የመጀመሪያው ጨዋታህ ዕለት፣ በሃያ አንድ ዓመትህ፣ የመጀመሪያዋን ኳስ የስታዲየሙ ጣሪያ ላይ ሰቀልካት።

ኖላዊ፦ ሁለተኛዋን ነው።

ጋሽ ስለሺ፦ ሦስተኛዋንስ?

ኖላዊ፦ ሦስተኛዋን ቀለቧት፤ ከጨዋታ ወጣሁ።

ጋሽ ስለሺ፦ እንግዲህ አሥራ ሁለቱም ዓመት ይኸው ነው።

ኖላዊ፦ ሕዝቡ የሚመጣው ለዚያ ነበር፣ ጋሼ። እኔ ስገባ የተቀመጠው ይነሳል። ስወረውር ኳሷን በመቺው አገጭ ሥር ነው የማሳልፋት፤ ወደ ኋላ ሲል ደስ ይለኛል። እንደ ሌላው አንድ አንድ ነጥብ እየለቀምኩ ብጫወት ማን ያውቀኝ ነበር? ከውጭ የመጣ ልጅ ነኝ። ትምህርት ቤት ስገባ ስሜን እንኳ የሚጠራልኝ አልነበረም። መትቼ ነው ያስጠራሁት።

ጋሽ ስለሺ፦ ዳኛ የሰደብከውስ? ሦስት ጊዜ የተቀጣኸው? አጎትህ ዳኛ ሆኖ።

ኖላዊ፦ ተሳስተው ነበር። ሦስቱም።

ጋሽ ስለሺ፦ ይሳሳታላ። ዳኛ ሰው ነው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል አልሰማህም?

ኖላዊ፦ በገና ጨዋታ የዓለም ዋንጫ አይኬድም።

ጋሽ ስለሺ፦ እሺ። እንግዲህ ያቺን ቀን ንገረኝ። እኔ ሽማግሌ ሆኜ ገብቼበታለሁ፤ የማላውቀውን ጉዳይ ልዳኝ አልችልም።

ኖላዊ፦ ማን አስገባህ?

ጋሽ ስለሺ፦ ገብቻለሁ። ንገረኝ።

ኖላዊ፦ ለዓለም ዋንጫ የምናልፍበት ጨዋታ ነበር። አሥራ ሁለት ኳስ ቀርቶ ዘጠኝ ነጥብ ያስፈልገናል። በወዲያኛው ጫፍ እሱ፣ በወዲህኛው እኔ። መጣና «አንድ አንድ እየለቀምን እንጨርሰዋለን፤ ኳስ ወደ ላይ አታንሳ» አለኝ።

ጋሽ ስለሺ፦ አነሳህ።

ኖላዊ፦ ደህና አድርጌ ነበር የመታኋት። ነፋሱ ያዛት። ድንበሩ ላይ የቆመው ልጅ ቀለባት፤ ወጣሁ። ከእኔ ቀጥሎ የገቡት መወርወር እንጂ መምታት የማይችሉ ናቸው፤ እየተከታተሉ ወጡ። እሱ ብቻውን ቀረ፣ በሁለት ነጥብ ተሸነፍን።

ጋሽ ስለሺ፦ ከዚያስ?

ኖላዊ፦ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገባ። ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ቢሰድበኝ ኖሮ ጥሩ ነበር። «አላልኩህም?» ቢለኝ እሱንም እችለው ነበር። አንድ ቃል አልተናገረም። ዝም ብሎ ጓንቱን ያወልቃል። አንዱን ጣት ይስባል፣ ቀጥሎ ሌላውን ጣት ይስባል...

ጋሽ ስለሺ፦ ጓንቱን እስኪያወልቅ ታየው ነበር ማለት ነው።

ኖላዊ፦ ከእጄ አምልጦኝ ነው አልኩህ እኮ።

ጋሽ ስለሺ፦ ሰማሁ።

ኖላዊ፦ እንደዚህ አትየኝ።

ጋሽ ስለሺ፦ እኔ ዶሮዎቹን ነው የማየው። አንድ ነገር ልንገርህ። በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ካሣሁን የሚባል ተከላካይ ከሜዳ አስወጣሁ። ሲያልፍ ሁለት የመንጋጋ ጥርስ አወለቀልኝ። «ስዞር ክርኔ ነው የነካው» አለ። ሁሉም አመነው፤ ሰው ይወደው ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ቆቡን አውልቆ ሰላም ይለኛል፤ እኔም እመልሳለሁ። ስምንት ዓመት በአንድ ጎኔ እያኘክሁ ሰላምታውን መለስኩለት።

ኖላዊ፦ ከዚያ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ።

ጋሽ ስለሺ፦ ተሸክሞ መጣ። ድንጋይማ ማንም ይሸከማል፤ አንተም ትናንት ለዶሮ ስትል ተሸክመሃል። «ጋሽ ስለሺ፣ በቡጢ ነው» አለኝ። ያን ጊዜ አወረድኩለት። ጥርሴን የሚያመኝ ውሸታም ተብዬ መኖሬ ነበር ለካ።

ኖላዊ፦ የአንተ ካሣሁን ምን ቀረበት? ጨዋታ ካቆመ በኋላ ነው የመጣው። እኔ ብናገርና ነገሩ ኮሚቴው ጋ ቢደርስ ዓመት አይደለም የሚቀጡኝ፣ ዕድሜ ልኬን ነው። ገና ዝርዝሩ ሳይወጣ።

ጋሽ ስለሺ፦ ከወጣ በኋላማ ማንም ይናገራል።

ኖላዊ፦ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው።

ጋሽ ስለሺ፦ ኳስ ሜዳ ላይ ሃያ ደቂቃ ብዙ ነው።

ኖላዊ፦ ጋሼ... አይቼው ነበር።

ጋሽ ስለሺ፦ ቀጥል።

ኖላዊ፦ ጓንቱን እስኪያወልቅ ነው የጠበቅሁት። ጭንቅላቱን አልፈለግሁም፣ መግደል አልፈለግሁም። እጁን ነው ያየሁት። እኔ ያበላሸሁትን ያ እጅ ሊያተርፈው ተቃርቦ ነበር።

ጋሽ ስለሺ፦ ለእኔ አትንገረኝ። የእኔ ጣት ደህና ነው።

ኖላዊ፦ ስልኩን አቀብለኝ። በእንግሊዝኛ ነው የምጽፈው፤ እንዳትጨምርበት።

ጋሽ ስለሺ፦ ሰላምታ እንኳ?

ኖላዊ፦ ሰላምታም።

ጋሽ ስለሺ፦ ስትጨርስ በአማርኛ አንብብልኝ።

ኖላዊ፦ «ታፋድዝዋ፣ ለኮሚቴው የተናገርኩት ውሸት ነው። አላመለጠኝም። ጓንትህን እስክታወልቅ ጠብቄ፣ እጅህን አይቼ ነው የወረወርኩት። ፎቶውን የላከው አጎቴ ነው፤ ይህን የምልክልህ ግን እኔ ነኝ። ለኮሚቴው ማሳየት ከፈለግህ አሳያቸው።»

ጋሽ ስለሺ፦ «ይቅርታ» የሚለው የቱ ጋ ነው?

ኖላዊ፦ አልጻፍኩትም። እሱን ስጽፈው እንደ መለመኛ መሰለኝ። ምረጠኝ የምለው መሰለኝ።

ጋሽ ስለሺ፦ ይሁን። ላከው።

ኖላዊ፦ ልኬዋለሁ። አንተ ተናግረህ ሳትጨርስ ልኬዋለሁ።

ጋሽ ስለሺ፦ ደረሰው?

ኖላዊ፦ ደረሰው። አነበበው።

ጋሽ ስለሺ፦ ምን አለ?

ኖላዊ፦ አሁን አይደል የላክሁት? ተረጋጋ።

ጋሽ ስለሺ፦ እኔ ተረጋግቻለሁ። እግርህን አታወዛውዝ፤ ወንበሩ የእናቴ ነው።

ኖላዊ፦ መጻፍ ጀምሮ ነበር። ተወው።

ጋሽ ስለሺ፦ እሱን ደግሞ ያሳያል?

ኖላዊ፦ ያሳያል። አሁንም ጀመረ። ተወው።

ጋሽ ስለሺ፦ ይሄስ ክፉ ስልክ ነው። የእኛ ጊዜ ደብዳቤ ሰው ሲያመነታ አያሳይም ነበር።

ኖላዊ፦ ዝርዝሩ ወጣ።

ጋሽ ስለሺ፦ አንብበዋ።

ኖላዊ፦ እንካ፣ አንተ አንብበው።

ጋሽ ስለሺ፦ መነጽሬ ቤት ውስጥ ነው። አንብብ።

ኖላዊ፦ አለሁበት።

ጋሽ ስለሺ፦ እሰይ። እሰይ የእህቴ ልጅ። ስንተኛ ነህ?

ኖላዊ፦ አራተኛ መቺ።

ጋሽ ስለሺ፦ ድሮ ስድስተኛ አልነበርክም? ከፍ አደረጉህ። ያ ፈረንሳይኛዬ ሠርቷል ማለት ነው። ተፈራስ ስንተኛ ነው? ካፒቴን ነውና አንደኛ ይሆናል።

ኖላዊ፦ አራተኛ የእሱ ቦታ ነበር።

ጋሽ ስለሺ፦ እና አሁን ወዴት ወሰዱት?

ኖላዊ፦ የለም። ከሥር ጽፈዋል። ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና አድርጎ አውራ ጣቱ ዱላ አልይዝ ብሎታል። ባለፈው ሳምንት ጨዋታ ማቆሙን አሳውቋቸዋል። ስለ አገልግሎቱ ያመሰግኑታል።

ጋሽ ስለሺ፦ ባለፈው ሳምንት።

ኖላዊ፦ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ይመርጠኝ ይሆን፣ ይጥለኝ ይሆን እላለሁ። ቦታውን ለቅቆልኝ ሄዷል ለካ። አንተ ትናንት ስቄ የተነሳሁትን ፎቶ፣ እኔ ደግሞ ዛሬ «እጅህን አይቼ ነው» የሚለውን ላክንለት።

ጋሽ ስለሺ፦ ደውልለት።

ኖላዊ፦ አንተ እሰይ ስትል እየደወልኩ ነበር። ይጠራል፣ አይነሳም።

ጋሽ ስለሺ፦ ድገመው።

ኖላዊ፦ ደገምኩት። አሁን ደግሞ ተዘግቷል።

ጋሽ ስለሺ፦ ቡድኑ መቼ ነው የሚሰበሰበው?

ኖላዊ፦ ሐሙስ።

ጋሽ ስለሺ፦ እንግዲህ ትሄዳለህ። አሥራ ሁለት ዓመት የለፋህበት ነው። እውነቱን ተናግረሃል፤ የቀረው የእሱ ፋንታ ነው። ሂድና ተጫወት።

ኖላዊ፦ በእሱ ቦታ?

ጋሽ ስለሺ፦ አንተ ባትቆምበት ሌላ ይቆምበታል። ጣቱ እንደሆነ አይመለስለትም።

ኖላዊ፦ እሱ ሳይመልስልኝ አልሄድም።

ጋሽ ስለሺ፦ በአንተ ጥፋት ተሸንፎ ሲገባ እንኳ አንድ ቃል አልተናገረም ያልከኝ አንተ ነህ። ዛሬ የሚመልስልህ ይመስልሃል?

ኖላዊ፦ አይመልስም።

ጋሽ ስለሺ፦ እንግዲያ እዚሁ መክረምህ ነው፤ ተነስ፣ አልጋህን ወደ በረንዳው እናውጣው። ሰኔ ከገባ በኋላ ድሬ ውስጥ ቤት ውስጥ አይተኛም።