መርዶ በስልክ አይነገርም

ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌና ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ወጣት ስለ አዲሱ የኮምፒውተር ወንጀል ሕግ ያወራሉ።

«በስልክ ሐሰት የላከ ይታሰራል የሚሉት እውነት ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«በስልክም በኮምፒውተርም፣ አያ። ሰው የሚያሸብር ከሆነ ነው።»

«የሚያሸብር መሆኑን ማን ይለየዋል?»

«እነሱ ናቸዋ።»

«አንተስ አትፈራም?»

«እፈራለሁ እንጂ። ኮፒ ፕሮግራም መጫንም ያስቀጣል ይላሉ። ለመሥሪያ ቤቶቹ የምጭንላቸው ግን ያንኑ ኮፒ ነው። ዋናውን ግዙ ስላቸው በጀት የለም አሉኝ።»

ሽማግሌው ወደ ወጣቱ ጠጋ አሉ።

«ወንድሜ የሞተ ዕለት መተማ ላለው ልጁ ‹አባትህን ትንሽ አሞታል፣ ና› ብዬ በስልክ አስጽፌ ላክሁ። ይኸስ ሐሰት አይደለም?»

«እሱማ መንገድ ላይ እንዳይደነግጥ ብለው ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም።»

«ሕጉን የጻፈው ሰው ይኸን ያውቃል?»

«ያገር ሰው ከሆነ ምነው አያውቅ? እሱንም ቢሆን ዘመድ ሲሞትበት እንዲሁ ብለው ነው የሚጠሩት።»

«ይወቅማ፣ ልጄ። እኛ ዘንድ ‹ትንሽ አሞታል› ተብሎ ከተላከ፣ ሰውዬው ተገንዟል።»

ኮሶዬን እንዳለፍን ስልኬን አወጣሁና ጠዋት እህቴ የላከችልኝን «እማዬን ትንሽ አሟታል፣ ዛሬውኑ ብቅ በል» የሚል መልእክት እንደ አዲስ አነበብኩት።